አሮጌ ቀፎ ይዞ ፎቶና ቪዲዮ ማንሳትና መላክ፦ ሌንስ ከመጥረግ እስከ «ደረሰኝ»

ሰፈራችን ውስጥ «ስልክ ያውቃል» የሚል ስም ወጥቶልኛል። ደሴ ላይ ይህ ስም አንዴ ከወጣላችሁ እሁድ እሁድ ማረፍ የለም። ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤት ሁሉ ቀፎዋን ከነጠላዋ ጫፍ ፈታ ታቀብላችኋለች። «ልጄ፣ እስቲ ይህን እየው። የሰርጉን ቪዲዮ ጅዳ ላለችው እህትህ ልኬ አልደረሳትም አለች።» ወይም ደግሞ «ፎቶው ሁሉ ጭስ የገባበት ይመስላል፤ ካሜራው ሞቷል መሰለኝ።»

ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ አልሞተም። የተበላሸው ከማንሳት በፊት ያለው ነገር ነው። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ግማሹ ዝግጅት ነው፤ እሱን ዘልላችሁ ወደ መላኩ አትሂዱ። የጻፍኩት ዓመታት ላስቆጠረ አንድሮይድ ቀፎ ነው። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዛችሁም ከታች ትንሽ አለላችሁ።

ደረጃ 1፦ ቀኑን አስተካክሉ

ከካሜራው በፊት ቀን ማስቀደሜ ይገርማችሁ ይሆናል። ግን «አይልክም» ተብለው ከሚመጡልኝ ቀፎዎች ስንቱ በዚህ ብቻ እንደተፈታ እኔ ነኝ የማውቀው።

አሮጌ ስልክ ባትሪው ጨርሶ ሲያልቅ ወይም ሲወጣ ቀኑን ሊረሳ ይችላል። ከዚያ ባለቤቱ በእጁ ይሞላዋል፤ የሚሞላው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ነው። 2018 ብላችሁ ስትሞሉ ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጆቹን 2018 ነው። ሰባት፣ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መለሳችሁት ማለት ነው። ዋትስአፕ «ቀንህ ልክ አይደለም» ብሎ አልከፈትም ይላል። ፕሌይ ስቶርም ድረ ገጹም እምቢ ይላል። ኔትወርክ ሙሉ ሆኖ ክቧ ዝም ብላ ትዞራለች።

1. ሴቲንግ ውስጥ «ቀንና ሰዓት» የሚለውን ክፈቱ።
2. ስልኩ ከኔትወርክ ራሱ እንዲያስተካክል የሚያደርገውን አብሩ።
3. ካልተስተካከለ አጥፉትና በእጃችሁ ሙሉ። ቀኑም ዓመቱም በፈረንጅ ይሁን። የሰዓት ክልሉ ጂኤምቲ +3 ነው።
4. ሰዓቱንም በፈረንጅ ሙሉ። ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ ስልኩ ላይ 8:00 መሆን አለበት።

የሀበሻ ቀን ማየት ከፈለጋችሁ የቀን መቁጠሪያ አፕ ለብቻው ጫኑ። የስልኩን ቀን ግን ተዉት። ቀኑ ሲሳሳት ፎቶዎቹም ጋለሪ ውስጥ በስተመጨረሻ ይቀበራሉ። ከዚያ «ያነሳሁት ጠፋ» ብላችሁ ትደናገጣላችሁ።

ደረጃ 2፦ ቦታ አስለቅቁ

8 ወይም 16 ጊጋ ያለው ቀፎ ግማሽ ያህሉን ቦታ ለራሱ ሥርዓት ይወስደዋል። የቀረውን የቴሌግራም ቻናልና የዋትስአፕ «እንደምን አደራችሁ» ሥዕል ይሞላዋል። ሰርግ ላይ ቆማችሁ «ቦታ የለም» ከተባላችሁ አለቀ። ስለዚህ ይህን ከቤት ሳትወጡ ሥሩ።

- ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ «ዳታና ማከማቻ»፣ ከዚያ «የማከማቻ አጠቃቀም» ግቡና ካሹን አጽዱ። መልእክታችሁ አይጠፋም፤ የወረዱት ፋይሎች ብቻ ናቸው የሚሄዱት። ሲያስፈልጓችሁ እንደገና ይወርዳሉ።
- እዚያው ፋይል በራሱ እንዳይወርድ አድርጉ። ጥቅላችሁም ይተርፋል።
- ዋትስአፕ ላይ ግን ተጠንቀቁ። እዚያ ያጠፋችሁት ፎቶ ሁልጊዜ ተመልሶ አይመጣም። አንድ በአንድ እያያችሁ ሰርዙ።

ቢያንስ 1 ጊጋ ባዶ ይሁን። ቪዲዮ የምታነሱ ከሆነ 2።

ስለ ሜሞሪ ካርድ አንድ ማስጠንቀቂያ

ብዙ አሮጌ ቀፎዎች ከ32 ጊጋ በላይ ካርድ አይቀበሉም። ከዚህ የባሰው ደግሞ የውሸት ካርድ ነው። ላዩ ላይ 128 ይላል፤ ውስጡ 8 ነው። መጀመሪያ ላይ እሺ ብሎ ይቀበላችኋል። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ግን አዲሱ ፎቶ ግራጫ ሆኖ ይቀራል፤ አይከፈትም። እኔ ራሴ ከአንድ ሱቅ በርካሽ ገዝቼ የመውሊድ ፎቶ እንዳለ በልቶብኛል።

ካርድ ስትገዙ የማይረባ ፊልም ከኮምፒውተር እየገለበጣችሁ እስከ አፉ ሙሉት። ከዚያ መጨረሻ የገባውን ክፈቱ። ከሠራ ካርዱ ደህና ነው። ፎርማት የምታደርጉት በራሱ በስልኩ ውስጥ ይሁን። ስታወጡት መጀመሪያ ከሴቲንግ አስለቅቁት፤ እየሠራ መዝዛችሁ አታውጡ።

ደረጃ 3፦ ባትሪውን ፈትሹ

ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡና ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ አሽከርክሩት። እንደ እንዝርት ከዞረ አብጧል። ያበጠ ባትሪ አትጠቀሙ፣ አትብሱ፣ አትጫኑት። አዲስ ግዙ።

ያረጀ ባትሪ ብርድ አይወድም። ደሴ ጠዋት ላይ ብርዱ ሲነሳ 30 በመቶ ያለ ስልክ ድንገት ሊዘጋ ይችላል። ውስጥ ኪስ ውስጥ፣ ከገላችሁ አስጠግታችሁ ያዙት። ባትሪው ከ15 በመቶ በታች ሲወርድ ብዙ ስልኮች ፍላሽ አያበሩም። መብራት የሚጠፋበት ቀን ከሆነ ከማታው ቻርጅ አድርጉ እንጂ ለጠዋት አታሳድሩ።

ደረጃ 4፦ ሌንሱን ጥረጉ

«ጭስ የገባበት» ፎቶ ምንጩ ይህ ነው። ወጥ ቤት የዋለ ስልክ ሌንሱ ላይ ቅቤና ጥላሸት ይዞ ነው የሚወጣው።

1. ሌንሱ ላይ በትንፋሻችሁ እፍ በሉበት።
2. በታጠበና በለሰለሰ የጥጥ ጨርቅ፣ ለምሳሌ በአሮጌ ነጠላ ጫፍ፣ ከመሃል ወደ ዳር እያዞራችሁ ጥረጉ። ሶፍት አይሁን፤ ይጭራል።
3. ሽፋኑን አውልቁ። ያረጀ ፕላስቲክ ሽፋን የፍላሹን ብርሃን ወደ ሌንሱ ይመልሰዋል። ፎቶው ነጭ ጉም የሚለብሰው በዚህ ነው።
4. አንድ የሙከራ ፎቶ አንሱና አጉልታችሁ እዩ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ለምትወርዱ፦ በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ወደ 600 ሜትር ነው የምትወርዱት። ከብርድ ወደ ሙቀት የገባ ስልክ ሌንሱ ላቦት ሊይዝ ይችላል። ከታክሲ ወርዳችሁ ወዲያው አታንሱ፤ 10 ደቂቃ ታገሱት። ላቦቱ በመስታወቱ ውስጥ በኩል ሆኖ ካልደረቀ ቀፎው ውሃ ገብቶታል፤ ለሠሪ አሳዩት።

ደረጃ 5፦ ፎቶ አንሱ

ካሜራ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የፎቶውን መጠን ትልቁ ላይ አድርጉ። ማስቀመጫውን ሜሞሪ ካርድ በሉት። ማስዋቢያውን አጥፉ፤ አሮጌ ቀፎ ላይ ፊት ይለስናል እንጂ አያስውብም። ከዚያ፦

1. ብርሃኑን ከኋላችሁ አድርጉ። በር ወይም መስኮት ካለ የሚነሳው ሰው ፊቱን ወደ እሱ ያዙር። ጀርባውን ለመስኮት ከሰጠ ፊቱ ይጠቁራል።
2. አትጎትቱ። በሁለት ጣት ስታጎሉ ካሜራው አይቀርብም፤ ሥዕሉን ነው የሚቆርጠው። በእግራችሁ ቅረቡ።
3. ስክሪኑ ላይ የሰውየውን ፊት ንኩ። ይህ ትንሽ ነገር ብዙ ነገር ያድናል። ሀበሻ ቀሚስ ወይም ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ሰው ስታነሱ ስልኩ ነጩን አይቶ «ብርሃን በዛ» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል። ፊቱን ስትነኩ መለኪያው ፊቱ ይሆናል።
4. ክርናችሁን ከጎናችሁ አጣብቁ። ትንፋሽ ያዙ። ንኩ።
5. ከነካችሁ በኋላ እስከ ሁለት ድረስ ቁጠሩ፤ ከዚያ ነው የምትንቀሳቀሱት። አሮጌ ቀፎ ከነካችሁት ቆይቶ ነው የሚያነሳው። ሰው «አነሳሁ» ብሎ እጁን ሲያወርድ ስልኩ ገና እያነሳ ነው። የተንቀጠቀጠ ፎቶ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።
6. ሦስት ጊዜ አንሱ። ከሦስቱ አንዱ ይወጣል።

የፎቶ ሰዓት ከጠዋቱ 2 እስከ 4፣ ከሰዓት ደግሞ ከ9 በኋላ ነው። እኩለ ቀን ላይ ዓይን ሥር ጥላ ይወድቃል። ሐምሌና ነሐሴ የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ፍላሹን አጥፉ፤ ብርሃኑ ጉሙን መትቶ ይመለስና ነጭ ግድግዳ ያሳያችኋል። የአሮጌ ቀፎ ፍላሽ እንደሆነ ከ2 ሜትር አያልፍም። ማታ አዳራሽ ውስጥ ከሩቅ አብርታችሁ መድረክ ለማንሳት መሞከር ባትሪ መጨረስ ነው።

ሌላም ማስጠንቀቂያ፦ ኬላ፣ የጸጥታ ኃይልና ካምፕ አታንሱ። ለራሳችሁ ስትሉ።

ደረጃ 6፦ ቪዲዮ አንሱ

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። ሰው በጣም የሚከስረው እዚህ ነው።

*ጥራቱን ዝቅ አድርጉ።* ካሜራ ሴቲንግ ውስጥ 1080፣ 720፣ 480 የሚሉ ቁጥሮች አሉ። ቀፎ ከቀፎ ቢለያይም፣ በ1080 የተነሳ አንድ ደቂቃ ከ100 ሜጋ ሊበልጥ ይችላል። በ720 ሲሆን 80 እና 90 ሜጋ አካባቢ ነው። በ480 ደግሞ በጣም ያንሳል። አሁን አስሉት። ኔትወርካችሁ በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት የሚልክ ከሆነ 100 ሜጋ ባይት ለመላክ ወደ 13 ደቂቃ ይፈጃል፤ ያውም ካልተቋረጠ። ለቤተሰብ የሚላክ ነገር 480 ይበቃዋል። ለማስቀመጥ የምትፈልጉትን ብቻ በ720 አንሱ።

*አጫጭር አድርጋችሁ ቁረጡ።* ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ቅዱና አቁሙ። እንደገና ጀምሩ። ለምን? ቪዲዮ ፋይል የሚዘጋው «አቁም» ስትሉት ነው። መሃል ላይ ባትሪ ካለቀ ወይም ስልኩ ከጠፋ ፋይሉ ሳይዘጋ ይቀራል፤ ማንም አይከፍተውም። ኮምቦልቻ ላይ የአጎቴን ልጅ ሰርግ 22 ደቂቃ በአንድ ትንፋሽ ቀድቼ፣ ሙሽራዋ ስትወጣ ስልኩ ድርግም አለ። ፋይሉ እስካሁን አለ። 1 ጊጋ ምናምን ይመዝናል። አይከፈትም። አክስቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

*አቋቋማችሁን አስተካክሉ።*

1. ስልኩን መጀመሪያ አግድም አዙሩ፤ ከዚያ ጀምሩ። ከጀመራችሁ በኋላ ብታዞሩት ቪዲዮው ተጋድሞ ይቀራል።
2. የድምፅ መቀበያዋን ቀዳዳ አትሸፍኑ። ብዙ ጊዜ ከታች በኩል ናት፤ አግድም ስትይዙ ጣታችሁ በትክክል እሷ ላይ ያርፋል።
3. ንፋስ ካለ ጀርባችሁን ለንፋሱ ስጡ። ደሴ ከፍታ ቦታ ላይ ከንፋሱ በቀር ምንም የማይሰማበት ቪዲዮ ስንት አይቻለሁ።
4. ከትልቅ ስፒከር ራቁ። አጠገቡ ስትቆሙ ድምፁ ይሰነጠቃል።
5. ከመጀመራችሁ በፊት ዳታ አጥፉ። የሚደወልላችሁ ከሆነ ወደ በረራ ሁኔታ (ኤርፕሌን ሞድ) አስገቡት። አንዳንድ ቀፎ ስልክ ሲደወል ቀረጻውን ያቋርጣል።

ስልኩ ከጋለ አቁሙ። ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ አትቅረጹ፤ ሙቀቱ እጥፍ ይሆናል።

ደረጃ 7፦ ከመላካችሁ በፊት እዩ

የሚላከውን ክፈቱና እስከ መጨረሻው እዩት። የማይረባውን ሰርዙ። ጋለሪው መቁረጫ ካለው ጫፍና ጫፉን ቁረጡ። አስር ፎቶ ከምትልኩ ሁለት ጥሩ ላኩ፤ ተቀባይዋም ዳታ ነው የምትከፍለው።

ደረጃ 8፦ ላኩ

*አጠገባችሁ ላለ ሰው*

ዳታ አታቃጥሉ። ለፎቶ ብሉቱዝ ይበቃል። ሁለታችሁም አብሩ፣ የእሱን ስልክ «ይታይ» በሉት፣ ከጋለሪ «አጋራ» ብላችሁ ላኩ። 10 ሜትር ውስጥ ሁኑ። 10 ሜጋ አንድ ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል። ስለዚህ ቪዲዮ በብሉቱዝ አይሞከርም፤ ዜንደርን የመሰለ በዋይፋይ የሚያስተላልፍ አፕ ይሻላል። ዋይፋዩ ሁለቱን ስልኮች ብቻ ነው የሚያገናኘው፤ ከጥቅላችሁ አይቆርጥም። አካባቢውን የሚያሳየውን ጂፒኤስ አብሩ ሲላችሁ እሺ በሉ፤ ካልሆነ የሌላውን ስልክ አያገኘውም።

*ሩቅ ላለ ሰው*

1. ከላይ ከኔትወርኩ ጎን ያለውን ፊደል እዩ። «ኢ» (E) ከሆነ ፎቶ እንጂ ቪዲዮ አይሄድም። «ኤች» (H) ወይም «4ጂ» ከሆነ ቀጥሉ።
2. ሁሌ «ኢ» ላይ ከቀረ ሲም ካርዱን አንደኛው ማስገቢያ ውስጥ አድርጉት። ብዙ ባለ ሁለት ሲም አሮጌ ቀፎዎች ፈጣን ኢንተርኔት የሚሰጡት በአንዱ ማስገቢያ ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ኔትወርኩን ሲረግም ይኖራል።
3. ጥቅላችሁን እዩ። በኢትዮ ቴሌኮም *999# ደውላችሁ መግዛት ትችላላችሁ። ጥቅል ሳትገዙ ቪዲዮ አትላኩ፤ የሞላችሁትን ካርድ ሙልጭ አድርጎ ይወስደዋል።
4. ቴሌግራም ላይ ቪዲዮውን ስትመርጡ፣ ከመላካችሁ በፊት የጥራት ቁጥሩን ንኩና ወደ 480 ወይም 360 አውርዱ።
5. «ላክ» በሉና አፑን ክፍት ተዉት። አሮጌ ቀፎ መጀመሪያ ቪዲዮውን ያሳንሳል፤ ከዚያ ነው የሚልከው። ስክሪኑ ከጠፋ ወይም ሌላ አፕ ከከፈታችሁ ሥራውን ሊያቆም ይችላል።

ለማሳተም የሚፈለግ ፎቶ ከሆነ፣ ፒያሳ ፎቶ ቤት የሚወጣ ለምሳሌ፣ እንደ ፎቶ ሳይሆን «ፋይል» ብላችሁ ላኩት። እንደ ፎቶ ሲሄድ ቴሌግራም ያሳንሰዋል፤ ስልክ ላይ ጥሩ ይመስላል፣ ሲታተም ግን ይሳሳል። «ፋይል» ተብሎ የተላከ ፎቶ ግን የተነሳበትን ቦታም ተሸክሞ ሊሄድ ይችላል። ለማታውቁት ሰው እንዲህ አትላኩ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ እየወረዳችሁ አትሞክሩት። መንገዱ በተራራ መሃል ይጠማዘዛል፤ ኔትወርኩም ይቆራረጣል። ወይ ከመነሳታችሁ በፊት፣ ወይ ታች ቦርከና ወንዝ ስትደርሱ። ከከተማም ከሆነ ማታ ዘግየት ሲል ይሻላል፤ ሰው ሲተኛ መስመሩ ይለቀቃል።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

«ካሜራው አልተከፈተም» ካለ፦ የፍላሹን መብራት እንደ ባትሪ አብርታችሁት ከሆነ አጥፉ። ካሜራውን የያዘ ሌላ አፕ ካለ ዝጉ። ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩ። አሁንም ካልሆነ ሜሞሪ ካርዱን አውጥታችሁ ሞክሩ፤ የተበላሸ ካርድ ካሜራ ያንቃል። ከዚያ ሴቲንግ፣ «አፖች»፣ «ካሜራ» ግቡና ካሹን አጽዱ። ስልኩን ወደ ፋብሪካ ሁኔታ መመለስ የመጨረሻው ነው። ሁሉንም ያጠፋል፤ ሳትገለብጡ አታድርጉት።

ክቧ ዝም ብላ ከዞረች፦ ሰርዙ። በረራ ሁኔታ አስገቡና ከ20 ሰከንድ በኋላ አውጡ። መጀመሪያ አንድ ፎቶ ብቻ ላኩ። እሱ ከሄደ ቪዲዮው ከብዷል ማለት ነው፤ ቆራርጡት። እሱም ካልሄደ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ።

ዋትስአፕ «ይህ ስልክ አይሠራም» ካለ፦ ከአንድሮይድ 5.0 በታች ያለ ቀፎ ላይ ዋትስአፕ አይሠራም። «አሠራልሃለሁ» የሚል ሰው የሚሰጣችሁን ፋይል አትጫኑ። ፎቶውን በኢሜይል ላኩት፤ ጂሜይል እስከ 25 ሜጋ ይቀበላል።

በስህተት ከሰረዛችሁ፦ ወዲያው ማንሳት አቁሙ። አዲስ ፎቶ የተሰረዘው ቦታ ላይ ይጻፋል። በካርድ ላይ ከነበረ ካርዱን አውጥታችሁ ኮምፒውተር ላለው ሰው ስጡ። የማስመለሻ ፕሮግራም አለ፤ ሁልጊዜ አይሳካም፣ ግን ብዙ ጊዜ ያወጣል።

ባለ ቁልፍ ስልክ ከሆነ

ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ 640 በ480 ነው። ፊት ለፊት፣ በቀን ብርሃን፣ ከቅርብ አንሱ፤ ይበቃል። ቪዲዮውን ግን ተዉት። ፎቶውን በብሉቱዝ ወደ ልጃችሁ ወይም ወደ ጎረቤት ስማርት ስልክ አሻግሩና ከዚያ ይላክላችሁ። ሜሞሪ ካርድ ካለው ካርዱን አውጥቶ ማንበቢያ ላይ መሰካትም ይቻላል።

ደረጃ 9፦ ሳይረጋገጥ አትሰርዙ

ሰው ሁሉ ከመልእክቱ ሥር ያለችውን የ✓ ምልክት አይቶ «ደርሷል» ብሎ ከስልኩ ያጠፋል። ዋትስአፕ ላይ አንድ ምልክት ከእናንተ ወጣ ማለት ነው፤ ሁለት ስትሆን ስልኳ ጋ ደርሷል። ቴሌግራም ላይ ሁለተኛዋ የምትመጣው ተቀባይዋ ስትከፍተው ነው። በሁለቱም ላይ ግን ቪዲዮው ስልኳ ላይ ወርዷል ማለት አይደለም። እሷም ቀስቷን መንካት አለባት፤ እሷም ዳታ ያስፈልጋታል።

ስለዚህ ደውሉላትና «ከፍተሽ አየሽው? ድምፅ አለው?» በሉ። «አዎ» ስትል፣ ያኔ ሰርዙ።